እኔና ለእህቴ የሚታረደው በግ

ዛሬ አምቦ፣ እኛ ቤት በር ላይ እልልታው ሲቀልጥ እኔ በቅናት አረርኩ።

በረራ ሁሉ ተሰርዞ ዱባይ ቀርታ የነበረችው ታናሽ እህቴ በመኪና ኦማን ተሻግራ፣ ከዚያ በአውሮፕላን መጥታ ቤት ገባች። ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ «ጀግና! በየት በየት አድርገሽ መጣሽ?» እያሉ ግንባሯን ሳሟት።

እኔም እኮ ከማስተምርበት ከጎጆ ከተማ የመጣሁት ዛሬ ነው! ትራንስፖርት ጠፍቶ፣ ድንች በጫነ አይሱዙ ላይ፣ ለእሷ የሚታረደውን በግ አቅፌ። (ድንቹ ከእኔ የተሻለ ቦታ ነበረው።)

እማዬ ወደ እኔ ስትሮጥ ልታቅፈኝ መስሎኝ በጉን አውርጄ እጄን ዘረጋሁ። ጎንበስ ብላ የበጉን ላት ዳበሰችና «ውይ፣ መንገዱ አጎሳቆለው!» አለች።

ከበግ በኋላ ሰላም የተባለ ሰው ካለ እስቲ ይጻፍልኝ። እኔ ገና ተራዬን እየጠበቅሁ ነው።