አውሮፕላን ያስቆመችው የሽንት ቤታችን መቀርቀሪያ

የልጅ ልጆቼ «ያቺን የአውሮፕላኗን ነገር ንገሪን» እያሉ ስንቴ እንዳስወሩኝ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ሰሞኑን ደግሞ ትልቋ «ሳትረሺው ይጻፍ» ብላ ወረቀት ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ስላልረገጥኩ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። እረሳለሁ ብላ መስጋቷ ግን ገርሞኛል። እንዲህ ያለ ነገር ይረሳል እንዴ?

ነገሩ የሆነው የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ እዚሁ ቃሊቲ፣ ግቢያችን ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ከሐሳቤ ያልወጣው፣ በእኔ ደግነት ምክንያት የአንዲት ልጅ እንጀራ ሊቆረጥ ለጥቂት ስለተረፈ ነው።

ያን ጊዜ ሁለት ሰርቪስ ቤት አከራይ ነበር። አንዱ ውስጥ አቶ ተካ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የተሳቢ ሹፌር ነበሩ። ሌላው ውስጥ መቅደስ ነበረች። መቅደስ የአውሮፕላን ሞተር ነው የምትጠግነው። መጀመሪያ ስትነግረኝ አላመንኳትም። ክንዷ ይቺን ታክላለች፤ ብሎን የምትፈታ ቀርቶ የጠበቀ የማር ጠርሙስ የምትከፍት አትመስልም።

ትንንሽ አውሮፕላን የሚያከራይ አንድ ድርጅት ቀጥሯት፣ ገና የሙከራ ጊዜዋ አላለቀም ነበር። ቋሚ ለመሆን ሦስት ሳምንት ነው የቀራት። ለናቷም ለታናናሾቿም የምትልክ እሷ ብቻ ስለነበረች፣ ሦስት ሳምንቷን እንደ ጾም ፍቺ ነበር የምትጠብቃት።

ሥራሽ ምንድን ነው ብዬ ስይዛት አንድ ቀን ቡታጋዜን አሳይታ አስረዳችኝ።

«እማማ፣ እሳቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉባት ይቺ መዘውር አለች አይደል? አውሮፕላንም አለው። ፓይለቱ እጀታ ይገፋል፣ እጀታው ገመድ ይስባል፣ ገመዱ ደግሞ ሞተሩ ላይ ያለውን ነዳጅ መጣኝ ያዞራል። እጀታው እዚህ ጋ ሲሆን መጣኙም ልክ እዚህ ጋ መሆን አለበት። እኛ እሱን ነው የምናስተካክለው።»

«ትንሽ ቢዛነፍስ?»

«በፀጉር ቅጥነት እንኳ አይቻልም።»

እኔ ቡታጋዜን ስንት ዓመት ሙሉ በግምት ነበር የማዞረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስነካው እጄን ቀስ አደርጋለሁ።

እንግዲህ ጥፋቴ እዚህ ጋ ይጀምራል። መቅደስ ስትገባ ጀምሮ «እማማ፣ የሥራ ቱታዬን እንዳያጥቡብኝ፣ እኔው ኪሱን ፈትሼ አጥበዋለሁ» ብላኝ ነበር። እስቲ እናንተው ፍረዱ፤ አንዲት ጨዋ ልጅ ትልቅ ሰውን «አያጥቡልኝ» ስትል ይሉኝታ አይደለም ትላላችሁ? እኔም ይሉኝታ ነው ብዬ ተውኩት። ልጅ ደግሞ ይሉኝታ ሲይዘው ዝም ብሎ ይታጠብለታል እንጂ ክርክር አይገጠምም።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሌላኛውን ቱታዋን ለብሳ ወደ ሥራ ሄደች። ትናንት የዋለችበት ቱታ ዘይት በዘይት ሆኖ በሯ ላይ ተሰቅሏል። አንጀቴ አልቻለም። ዘፈዘፍኩት።

ሳሸው ከኪሱ አንዲት ብረት ወጣች። የጣት ርዝመት ያላት፣ ለስላሳ፣ እንደ መስታወት የምታበራ ነች። ጫፏ ላይ ቀለበት አላት፤ ቀለበቷ ላይ ደግሞ ነጭ ጽሑፍ ያለበት ረዘም ያለ ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ምን እንደሚል እኔ ምን አውቄ። «ስትመጣ እሰጣታለሁ» ብዬ መደቡ ላይ አኖርኳት።

ታዲያ የጋራ ሽንት ቤታችን መቀርቀሪያ ከተሰበረ ወር ሆኖት ነበር። አቶ ተካ እንኳ በአንድ እጃቸው በሩን ይዘው፣ ሰው እንዳይመጣባቸው እየዘፈኑ ነበር የሚቀመጡት። ድምፃቸው ደግሞ ለዘፈን አልተፈጠረም። ብረቷን እዚያ በር ቀለበቶች ውስጥ ብሞክራት፣ ገባች! ቁርጥ ለሷ የተሠራ ነው የሚመስለው። ቀይ ጨርቋ በስንጥቁ ወደ ውጭ ስትወጣ ደግሞ ሰው እንዳለ ከሩቅ ይታወቃል።

አቶ ተካ አይተው «እትዬ፣ እርስዎ እኮ መሐንዲስ ነዎት» አሉኝ። ደረቴን ነፍቼ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የገባች የድሮ ጎረቤቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ቤት መዋል አልወድም፤ እግሬ ዝም ካለ ራሴን ያመኛል።

ከጎረቤቴ ጋር ወሬው ሊሞቅ ሲል ስልኬ ጮኸ። መቅደስ ነች። ሰላምታም የለ።

«እማማ፣ ቱታዬ የት ነው?»

«ገመድ ላይ። ይሄኔ ደርቋል።»

«ኪሱ ውስጥ ቀይ ጨርቅ ያላት ብረት አግኝተዋል?»

«አዎ፣ ሽንት ቤት ነች።»

በቀጭን ድምፅ «ጉድጓዱ ውስጥ?» አለችኝ።

«ኧረ በሩ ላይ! በሩን እየቆለፍንባት ነው።»

ትሳቅ ታልቅስ አላውቅም። የነዳጅ መጣኙን ሲያስተካክሉ፣ እንዳይነቃነቅ በቀዳዳው የሚቀረቅሯት ፒን እሷ ነች አለችኝ። ማታ ነቅላ ኪሷ ከትታ፣ ሰው ሲጠራት ረስታት መጥታለች። ጠዋት የመሣሪያ ሳጥኑ ሲከፈት ቦታዋ ባዶ ነው። አውሮፕላኗ በዘጠኝ ሰዓት ትነሳለች ተብላ፣ አሁን ፒኗ ውስጥ ቀርታ እንደሆነ ብለው ሞተሩን እንደገና እየፈቱት ነው። ከድርጅቱ ግቢም ማንም አይወጣም ተብሏል።

«ሽንት ቤታችን በር ላይ ናት ብለሽ ንገሪያቸዋ!»

«አለቃችን በዓይኔ ሳላይ አልፈርምም ይላል። እማማ፣ ሥራዬ አለቀ።»

ነጠላዬን በትክክል ልልበሰው ልገልብጠው አላውቅም። ለአቶ ተካ ብደውል፣ ብደውል አያነሱም። ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። መንገዱ ደግሞ ተዘጋግቷል፤ ፊታችን ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ ተጋድሟል። እኔ «ኧረ ፍጠን፣ አውሮፕላን!» እላለሁ።

ረዳቱ ዞር ብሎ አየኝና «እማማ፣ አውሮፕላን ሊያመልጥዎት ነው?» አለኝ።

«አያመልጠኝም፣ አስሬው ነው የመጣሁት» አልኩት።

ሚኒባሱ በሳቅ አለቀ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።

ግቢ ስደርስ ወደ ሽንት ቤቱ በረርኩ። ቀይ ጨርቋ ወደ ውጭ ተንጠልጥላለች። አቶ ተካ ውስጥ ናቸው።

«አቶ ተካ፣ ቶሎ ይውጡ! አውሮፕላን ቆሟል!»

«አውሮፕላን ከቆመ እኔ ምን ላድርግ እትዬ? ተረጋግቼ ልቀመጥ እንጂ።»

«መቀርቀሪያዋ የአውሮፕላን ናት!»

«እሰይ! ለዚህ ነዋ እንዲህ የተመቸችኝ።»

«የመቅደስ ሥራ ሊሄድ ነው ስልዎት!»

ይቺን ሲሰሙ ቀልዱ ቀረ። ወዲያው በሩ ተከፈተ። ቀበቷቸውን በአንድ እጅ፣ ፒኗን በአንድ እጅ ይዘው ወጡ። ፒኗን ለእኔ ሰጥተው፣ ግቢው ጥግ የቆመች አሮጌ ቮልሳቸውን ሊያስነሱ ሄዱ። እኔ ፒኗን በሳሙና አጥቤ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኳት። ሠላሳ ዓመት ተሳቢ የነዳ ሰው ቮልስ ሲነዳ አይታችኋል? እንደ ተሳቢ ነው መሐል መንገዱን የሚይዘው። ዓይኔን ጨፍኜ ስለት ስሳል መቅደስ መሥሪያ ቤት ደረስን።

በሩ ላይ ዘበኛው መታወቂያ አለኝ። ነጠላዬን ፈትቼ ቀይ ጨርቋን ሳሳየው፣ ሰውየው መታወቂያውን ረስቶ እየሮጠ ገባ።

አለቃው ወጣ። መቅደስ ከኋላው ናት፤ ዓይኗ በርበሬ መስሏል። አለቃው ፒኗን ተቀብሎ ቁጥሯን አነበበ፣ በመለኪያ ለካት፣ መጣመም አለመጣመሟን አገላብጦ አየ። ሳጥኑን አምጥተው ከፈቱት። ለእያንዳንዷ ዕቃ በቅርጿ ልክ ጎድጓዳ ቦታ ተሠርቶላታል። ፒኗ ቦታዋ ላይ ቁጭ ስትል፣ እዚያ የቆመው ሁሉ ሲተነፍስ ሰማሁት።

«እናቴ፣ ይቺ ሞተሩ ላይ ተረስታ ቢሆን፣ ፓይለቱ እጀታውን ሲገፋ አይሄድለትም» አለኝ አለቃው። «መሬት ላይ እያለ ቢያውቀው እሰየው። ባያውቅስ?»

«ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት። «አያጥቡ ብላኝ ነበር። ይሉኝታ መስሎኝ ነው።»

ሊቆጣ የነበረው አለቃ አንገቱን አቀረቀረ። ትከሻው ሲነቃነቅ እየሳቀ መሆኑን አወቅኩ። ቀና ሲል ግን ፊቱን አጠነከረ። «እርስዎ ቱታ አጠቡ፤ ኪስ ውስጥ የከተተችው ግን እሷ ናት» አለና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈባት። አሥራ አምስት ቀንም ሞተር እንዳትነካ አደረጋት። አላባረራትም።

አውሮፕላኗ ዘግይታም ቢሆን ተነሳች። እኔና አቶ ተካ አጥሩ ጋ ቆመን አየናት። አቶ ተካ ወደ ላይ አንጋጠው፣ «አሁን በሩን በምን ልንዘጋው ነው?» አሉኝ።

መቅደስ በሦስተኛው ሳምንት ቋሚ ሆነች። ዛሬ ሌሎችን የምታሠለጥን፣ ባለትዳር፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። እኔም ከዚያ ወዲህ ልጅ «ተይ» ሲለኝ እተዋለሁ፤ ይሉኝታ ቢሆንስ ብዬ ሆዴ እየበላኝም ቢሆን እተዋለሁ። ያን ቀን ሳስበው አሁንም እስቃለሁ፣ ትንሽ ደግሞ እደነግጣለሁ። አንድ ነገር ግን ቀይሬያለሁ። ድሮ ስተርከው «እኔ በሰዓቱ ባልደርስላት ኖሮ!» እያልኩ ሩጫዬን ነበር የማስረዝመው። አሁን አሳጥረዋለሁ።

ምክንያቱም አምና የመቅደስ ሁለተኛ ልጅ ክርስትና ላይ፣ እንደ ልማዴ ለእንግዳው ሁሉ ሳወራ፣ አብሯት የሚሠራ አንድ ልጅ እስክጨርስ ጠብቆ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እማማ፣ እርስዎ ባይደርሱም እኮ ሳጥኑ ሙሉ ሊሆን ይችል ነበር» አለኝ።

«እንዴት ሆኖ?»

«ማታ ሳልቆጥር ሙሉ ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ጠዋት መጉደሉን ያወቅነው ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ አለቃ ገና አልገባም። ከአሮጌ ሳጥን ቁርጥ እሷን የመሰለች ፒን አምጥቼ ቦታው ላይ አስቀመጥኩላት። ዝም በይ፣ ማንም አያውቅም አልኳት። መቅደስ አውጥታ መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ‹የኔዋ ሞተሩ ውስጥ ብትሆንስ?› አለችኝና አለቃ እስኪመጣ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ለርስዎ የደወለችው እሱን ከነገረችው በኋላ ነው።»