ባሌ ኮምፒውተሬ ላይ ያየው ቁጥር

ይህ የደረሰብኝ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ክረምት ሲገባ ነው። ዛሬም ኮምፒውተሬን ስከፍት ትዝ ይለኛል።

ጎንደር ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ያኔ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ነበር የቀረኝ። ባሌ ሆስፒታል ነው የሚሠራው። አንድ ቀን ኮምፒውተሬ ከየት ጋር እንደሚገናኝ የሚያሳይ ፕሮግራም ጫነበትና ጠራኝ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ብሮውዘሩን ስከፍተው 127.0.0.1 የሚል ቁጥር ብቅ ይላል። ስዘጋው ይጠፋል። አላውቀውም አልኩት።

«ሰው ነው» አለኝ። «ስትከፍቺ ጠብቆ የሚገባ ሰው።»

ማልኩለት፤ አላመነኝም። በየቀኑ ቁጥሩን እያሳየ ያፋጥጠኝ ጀመር። ስልኬን ሰጠሁት። ጓደኞቼን ራቅኋቸው። ትምህርቴንም አቋረጥኩ። ይኼም አልበቃው ብሎ ነሐሴ ላይ አባቴን ከአምባ ጊዮርጊስ አስጠራቸው።

«አያ ተስፋ፣ ልጅዎ በዚህ ነው ከወንድ ጋር የምትገናኘው» ብሎ ኮምፒውተሩን ፊታቸው አስቀመጠው።

አባቴ ገበሬ ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም። አንዴ ቁጥሩን፣ አንዴ እኔን አዩ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ጎደለብሽ?» አሉኝ።

ጭቅጭቁ እንዲያበቃ ብዬ ባሌ እግር ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁት። አባቴ በማግስቱ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ስሸኛቸው ሳይስሙኝ መኪናው ውስጥ ገቡ። ጥቅምት ላይ አረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ኮምፒውተሬ አልነሳ ብሎኝ ፒያሳ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ጠጋኙ ሠርቶ ሲያስረክበኝ፣ እንደምንም ደፍሬ ስለ ቁጥሩ ጠየቅሁት። ኢንተርኔቱን አጥፍቶ ብሮውዘሩን ከፈተው። ቁጥሩ እንዳለ ነው።

«ይኼ የራሱ የኮምፒውተሩ አድራሻ ነው» አለኝ። «ብሮውዘሩ አንዳንዴ ከገዛ ክፍሎቹ ጋር፣ ወይም እዚሁ ከተጫነ ሌላ ፕሮግራም ጋር በዚህ ይነጋገራል። ከማሽኑ አይወጣም። ለባለቤትሽም እንዲሁ አጥፍቼ አሳይቼው ነበር እኮ።»

«መቼ?»

«ሰኔ ላይ። የሚስቴ ነው ብሎ ይኼንኑ ኮምፒውተር ይዞ መጥቶ።»

ቤት ስገባ ባሌ ምሳ እየበላ ነበር። የሰማሁትን ነገርኩት። አልካደም።

«አውቅ ነበር» አለኝ። «ግን ከዚያ ወዲህ ከሥራ በቀር ከቤትሽ የማትወጪ ሸጋ ሴት ሆንሽ። ምን ብዬ ልንገርሽ?»

መብላቱን ቀጠለ።

ተፋታን። ጽሑፌንም ጨርሼ ተመረቅሁ። ሰው ሁሉ ተገላገልሽ ይለኛል፤ እኔም እሱን ማሰብ ትቻለሁ። አባቴን ግን መተው አልቻልኩም። እውነቱን ሳይሰሙ ነው የሞቱት። ባሌ የነገራቸውን ምናልባት አላመኑት ይሆናል። እግሩ ላይ ወድቄ ማረኝ ስለው ግን ቆመው ያዩ ነበር።