ደዋይዋ ሚስቲቱ ናት

ይህን ነገር ከእኔና ከከድር በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከድር ባለፈው ረመዳን ሞተ። አሁን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እኔም ብሞት ነገሩ አብሮኝ ይቀበራል፤ አንዲት ሴትም ባልሠራችው ሥራ ተወንጅላ ትቀራለች። ስለዚህ እጽፋለሁ። ደግ ሰው ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ስለፈራሁ ነው።

እኔ እስላም ነኝ፤ ለቄስ አልናዘዝም። በእኔና በአላህ መካከል ያለውን እሱ ይምረኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የሰው ሐቅ ግን ሌላ ነው። ሐቁን የበላህበት ሰው ራሱ አፉ ብሎ ይቅር ካላለህ ሶላቱም ጾሙም አያወጣህም። ይህን ገና ልጅ ሆኜ ወሎ ነው የሰማሁት። ሰምቼ ምን አደረግኩበት? ምንም።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው። እስከዚያ ድረስ ያኖረኝ ጆሮዬ ነው። እንግሊዝኛውንም በጆሮ ነው የለቀምኩት፤ ከሥጋ ፋብሪካው፣ ከጽዳት ሥራው፣ ከቲቪ። ደብዳቤ ሲመጣልኝ "መነጽሬን ረስቼ ነው" እያልኩ ሰው አስነብባለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

ኢገን በምትባል ከተማ የማጸዳው ኦፊስ ሕንጻ ላይ ሬይ የሚባል ነጭ ሽማግሌ ጥገና ይሠራ ነበር። ስካነር የሰጠኝ እሱ ነው። ስካነር ማለት ፖሊሱ፣ እሳት አደጋው፣ አምቡላንሱ እርስ በርስ የሚነጋገሩትን እያደነ የሚያሰማ ራዲዮ ነው። ቤትህ ቁጭ ብለህ ብታዳምጥ የሚከለክልህ የለም። እነ ሬይ የስካነር ወዳጆች ክለብ ነበራቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ የዕቃ መደብር ጓሮ ይሰበሰባሉ። ስምንት ሽማግሌ፣ አንድ ካርቶን ዶናት፣ እና እኔ። በዚህ አገር ፎርም ሙላ ሳይሉ ያስገቡኝ የመጀመሪያው ቦታ ነው።

ደንባቸው እንዲህ ነው። ሁሉም በሳምንቱ የሰማውን ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ቅዳሜ ተራ በተራ ያነብባል። ከማንበቡ በፊት ግን ጥቁር ማርከር ይዞ የሰው ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የመንገድ ስም ያለበትን ሁሉ ያጠፋዋል። ሲነበብ "አንድ ቤት"፣ "አንድ ሰው" ብቻ ነው የሚባለው። አንድ ጊዜ አንዱ ሽማግሌ ረስቶ መንገዱን በስሙ ጠራ። ሬይ ደብተሩን ከእጁ ነጥቆ ዘጋው። "እንድንሰማ የጋበዘን ማንም የለም!" አለው። የሰውየው ፊት በርበሬ መሰለ።

እኔ መጻፍ ስለማልችል የሰማሁትን በቃሌ ነበር የምለው። ሰዓቱን፣ ማን ምን እንዳለ፣ አንድ ሳላጎድል። "የሰይድ ደብተር ጭንቅላቱ ውስጥ ነው" እያሉ ያደንቁኝ ነበር። ቁጥር በአፌ አልጠራም፤ እንደነሱ "አንድ ቤት" እላለሁ። ግን እነሱ ከወረቀታቸው ያጠፉት ከእኔ ጭንቅላት አይጠፋም። የማን ቤት ምን እንደሆነ ሁሉ እኔ ዘንድ ቁጭ ብሏል። እንደ ጸጋ ነበር የማየው። አይ እኔ!

እሑድ እሑድ ደግሞ የእኛ ሰው በሚበዛበት ሰፈር፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ፣ ከረጃጅሞቹ ፎቆች በአንዱ ምድር ቤት፣ ዘሃራ የምትባል ልጅ ፊደል ታስተምረን ነበር። በነጻ። ከክፍሉ ሁሉ የባስኩት እኔ ነበርኩ። እርሳሱን አጥብቄ ስይዘው ጫፉ ይሰበራል። "ጋሽ ሰይድ፣ ቀስ ይበሉ፣ ፊደሉ የትም አይሸሽም" ትለኝ ነበር። ይህን አሁን የምጽፍበትን ፊደል የሰጠችኝ እሷ ናት። ይህንን አስምሩበት።

ባሏ ጀማል ታክሲ ይነዳል። አንድ ቀን ሻይ ቤት፣ ሰው በሞላበት፣ "ጋሽ ሰይድ፣ 'ለ' ላይ ደረሱ ወይስ 'ሀ' ገና አለቀቀዎትም?" አለኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሆዴ ግን ቂም ቋጠረ። በማን ላይ? በቀለደብኝ ሰው ላይ መሰላችሁ? በእሷ ላይ። ቤቷ ገብታ አውርታብኛለች አልኩ። ጀማልን መጥላት ይከብዳል፤ ወንድም አለው፣ ወዳጅ አለው፣ ክንድ አለው። እሷን መጥላት ቀላል ነበር። እኔ የመረጥኩት ቀላሉን ነው።

አንድ ረቡዕ ከሥራ ገብቼ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ስካነሩን ከፈትኩ። የእነ ጀማል ሕንጻ ቁጥር ተጠራ። ቀጥሎ የአፓርትመንታቸው። ከአደጋ ጥሪ ማዕከሉ የምትናገረው ሴት ለፖሊሶቹ እንዲህ አለቻቸው፦ ባል ሚስቱን እየመታ ነው፤ ደዋይዋ ሚስቲቱ ናት፤ ልጇን ይዛ ባኞ ቤት ውስጥ ቆልፋለች፤ እሷ እንደደወለች ባሏ እንዲያውቅ አትፈልግም፤ እንዳትነግሩት።

እንዳትነግሩት። በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰማሁ። ሰምቼ ምን አልኩ? "ያ ረቢ፣ አንተ ድረስላት" አልኩ? አላልኩም። "አሃ!" ነው ያልኩት። እንደ ሰው አላዘንኩም። የተማረችው ዘሃራ፣ አስተማሪዋ ዘሃራ፣ አሁን እኔም የሷን አወቅኩ አልኩ።

ጀማልን ፖሊስ ወሰደው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ታላቅ ወንድሙ ከድር ሥጋ ቤት ገባሁ። ከድር ሥጋ እየከተፈ ይራገማል።

"ያቺ ታች ቤት ያለችው ሙሉ ናት ፖሊስ የጠራችው! ዘሃራም ጎረቤት ነው የደወለው ብላለች።"

ሙሉ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ክርስቲያን፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ። ከዘሃራ ጋር እንደ እህት ነበሩ።

"ሙሉ አይደለችም" አልኩ።

"አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ? የራስህን ደብዳቤ እንኳ አታነብ!"

ይህቺ ናት። ሌላ ምክንያት የለኝም። አላስገደደኝም፣ አልገረፈኝም። ይህቺን አለኝ፣ እኔም ተናገርኩ።

"በስካነሩ ሰምቻለሁ። የደወለችው ራሷ ዘሃራ ናት።"

ቢላው እጁ ላይ ቆመ። "ወላሂ በል።"

"ወላሂ። ስሜን ግን እንዳታነሳ።"

"አላነሳም።"

አላነሳም። እስኪሞት ድረስ አላነሳም። እሱ የእኔን ምስጢር ወደ መቃብሩ ይዞልኝ ገባ። እኔ የእሷን ከረቡዕ እስከ ዓርብ መያዝ አቃተኝ።

በሳምንቱ የእኛ ሰፈር ሽማግሌዎች ዘሃራ ቤት ገቡ። እኔም አብሬ ገባሁ። አዎ፣ እኔም! ከድር "ተማሪዋ ነህ፣ ታከብርሃለች" ብሎ ይዞኝ ሄደ። እግሬ እንዴት ታዘዘልኝ? "የልጅሽን አባት ለፖሊስ አሳልፈሽ ሰጠሽ" አሏት። ወንድ አሳሳሪ፣ ቤት አፍራሽ አሏት። ከንፈሯ ገና አልሻረም ነበር። "እኔ ነኝ የደወልኩት ያላችሁ ማነው?" አለች። ዓይኗ በየፊታችን ዞረ። እኔ ጋ ሊደርስ ሲል አንገቴን ደፍቼ ምንጣፉን አየሁ። "ሙሉ..." አለች፣ ለራሷ ያህል። መደወሏን በዓለም ላይ ለሙሉ ብቻ ነበር የነገረቻት።

ያኔ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ? "እኔ ነኝ" ብል? ሁለት ቃል ናት። ምን ይቀርብኝ ነበር? ሻይ ቤት ውስጥ ያለኝ ወንበር? ለዚያች ወንበር ነው ሁለት ሴቶችን የሸጥኩት።

ከሙሉ ጋር ተቆራረጡ። ሊፍት ውስጥ ሲገናኙ ዘሃራ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር አሉ። ለፍርድ ቤቱም "አጋንኜ ነው" ብላ ጀማልን ወደ ቤት አስገባች። እሑድ ማስተማሩን ተወችው። እኔስ? እኔ ቅዳሜ ክለብ ሄጄ፣ ዶናቴን በልቼ፣ "አንድ ቤት" እያልኩ በቃሌ እወጣ ነበር።

ከዚያ በረዶው ሲከብድ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ያው ቁጥር ተጠራ። ደዋይዋ የታች ቤት ጎረቤት ናት፤ አንድ ሰዓት ያህል ጩኸት ነበር፤ አሁን ዝም ብሏል።

ዝም ብሏል። ስካነሩን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ሰዓት ዘሃራ ስልክ ነበራት። አልደወለችም። ለምን ትደውል? ባለፈው ደውላ ምን አገኘች? ሽማግሌ፣ ስድብ፣ ያንኑ ባል። ያን አንድ ሰዓት የሰጠኋት እኔ ነኝ። የመታት ጀማል ነው፣ አዎ፣ እሱም ታስሮበታል። ስልኩን ከእጇ ያስጣልኳት ግን እኔ ነኝ። እኔን ማን አሰረኝ?

የደወለችው ሙሉ ናት። ፊቷን ለምታዞርባት ሴት ደወለች፤ ስሟንም አልደበቀችም።

ዘሃራ አልሞተችም፣ አልሐምዱሊላህ። ቀኝ ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሮ በብረት ተያያዘ፤ ጣቶቿ ግን ብዕር አይጨብጡም። እኔ ለሬይ "ሺፍት ተቀየረብኝ" ብዬ ዋሽቼ ክለቡን ተውኩ። ለእሱም እውነቱን አልነገርኩትም።

ካቻምና ሴንት ሉዊስ ፓርክ አውቶቡስ ስጠብቅ አገኘችኝ። ከልጇ ጋር ወደዚያ ቤት ቀይራለች። ልጅቷ እጇን እየጎተተች በእንግሊዝኛ "ማነው እሱ?" አለቻት። "ተማሪዬ ናቸው" አለች ዘሃራ፣ እየሳቀች። ደግሞ ወደ እኔ ዞራ፦

"ጋሽ ሰይድ፣ አንድ ነገር ሳልነግርዎት ቀርቻለሁ። ያን ቀን ያ ሁሉ ሽማግሌ ሲሰድበኝ፣ እርስዎ ብቻ ዝም አሉ። መሬት መሬት ሲያዩ አየሁዎት። አፍረውላቸው ነው አልኩ። አላህ ይስጥልኝ።"

ምን ልበላችሁ። መሬቱ አልተከፈተልኝም።

"ሙሉስ?" አልኳት።

"ሙሉን አላህ ይፍረዳት። ኋላ ደወለችልኝ፣ አውቃለሁ። ግን መጀመሪያ ምስጢሬን ባታወጣ እጄ አይሰበርም ነበር።"

"አሚን" አልኩ።

አሚን አልኩ! በሙሉ ላይ አሚን አልኩ። ምላሴ እንዴት እሺ አለኝ? አውቶቡሷ መጣ፣ ልጅቷን አስቀድማ ወጣች፣ በመስኮት እጇን አውለበለበችልኝ። ግራ እጇን።

ከዚያ ወዲህ መኪና ተውሼ ሦስት ጊዜ ወደ ቤቷ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ፓርኪንጉ ላይ ሞተር ሳላጠፋ ተመልሻለሁ። አፌ ፈሪ ነው፤ ክፉ ለማውራት ብቻ ነው የሚደፍረው። ስለዚህ ይህን ጻፍኩ፣ ሦስት ጊዜ በእጄ ገለበጥኩት። አንዱን ለዘሃራ፣ አንዱን ለሙሉ እልካለሁ። ሦስተኛው እናንተ እጅ ያለው ነው፤ ሌላ ሰው ካላነበበው እኔ ራሴን አውቃለሁ፣ ሳልልከው እቀራለሁ።

እናንተ አፉ እንዳትሉኝ። የእናንተ አይደለም።

ዘሃራ፣ ሙሉ ምንም አልተናገረችም። ለከድር የነገርኩት እኔ ነኝ፣ ሰይድ። አንገቴን የደፋሁት አፍሬልሽ አልነበረም፤ እንዳታውቂብኝ ነው። አፉ በይኝ አልልሽም፤ በየትኛው አፌ? ሙሉ አሁንም እዚያው ታች ቤት ናት፣ ማታ ማታ ትሠራለች፣ ቀን ቤቷ ትገኛለች። እኔን ተይኝና ወደ እሷ ሂጂ።