ጆሮዋን የነካች ልጅ

አቶ ዘአማኑኤል ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከገላን ኮንዶሚኒየም ታክሲ ይዘው ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ ወዳለችው የዳሲቱ ኪዮስክ ይመላለሳሉ። እሷ ለእስረኛ ጠያቂዎች ዳቦ፣ ሳሙናና ሶፍት ትሸጣለች። እሳቸው ሶፍት ይገዛሉ። ቤታቸው የሶፍት መጋዘን ሆኗል፤ ሊነግሯት የመጡትን ግን አንድም ቀን አልተነፈሱም።

ዛሬ ቅጽ አቀበለቻቸው።

«መምህር፣ ልጄን ፌኔትን አንደኛ ክፍል ላስመዘግብ ነው። ይሙሉልኝ።»

የልጅቷን ስም ጻፉ፤ ዕድሜዋን ጻፉ። «የእናት የትምህርት ደረጃ» ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶው ቆመ።

«ምነው? ‹ያልተማረች› ይበሉ እንጂ!» ሳቀች። «እርስዎ አይደሉ የመለሱኝ፣ እጄ አጭር ሆኖ!»

ያኔ ለገበሬ ልጅ የልደት ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም። ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው ቀኝ እጁን በአናቱ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ሲነካ ነው። መዝጋቢው ወጣቱ መምህር ዘአማኑኤል ነበሩ።

«እናቴማ ዓመቱን ሙሉ እጄን በቅቤ እያሸች ስትጎትት ከረመች፤ ይረዝም መስሏት! በዓመቱ አባዬ ‹ዘንድሮ ተራው የወንድምሽ የቢራ ነው› ብሎ እሱን ላከ። እኔ ቤት ቀረሁ።»

ሠላሳ ሦስት ዓመት ከራሳቸው ጋር ተሟግተዋል። ክፍሉ ሞልቶ ነበር። በአንድ ዴስክ አምስት ልጅ ይቀመጥ ነበር። እውነት ነው፤ ያ ሁሉ እውነት ግን አንዲቱን ውሸት ሊሸፍንላቸው አልቻለም።

«ደርሶ ነበር» አሉ።

«ምኑ?»

«እጅሽ። ጣትሽ ጆሮሽን ሲነካ አይቻለሁ። ቦታ የለም ብል አባትሽ ይሟገተኛል፤ ‹አልደረሰችም› ካልኩ ግን ማንም አይከራከረኝም። አልኩት።»

አንዲት ጠያቂ ሳሙና ጠየቀች። ዳሲቱ ሰጥታ ሸኘቻት።

«እኔን ብቻ ነው?»

አቶ ዘአማኑኤል አቀረቀሩ። ስንት ቀን ሲያውጠነጥኑት የከረሙት ኑዛዜ ለአንድ ልጅ ብቻ የሚበቃ ነበር።

«ይጻፉ» አለች፣ ድምጿ ቀዝቅዞ። «ምዝገባው ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

«ያልተማረች» ብለው ጻፉ፤ የቀረውንም ሞልተው አስረከቧት። ዳሲቱ ቅጹን አገላብጣ አየችው። ከዚያ በጎረቤት ኪዮስክ ያለችውን ተማሪ ተጣራች።

«ሳምራ! ነይ እስቲ፣ የኔ ልጅ፤ የነገርኩትን ጽፎ እንደሆነ አንብቢልኝ።»

ሳምራ እየሮጠች መጥታ ከላይኛው መስመር ማንበብ ጀመረች። አቶ ዘአማኑኤል ተነስተው መሄድ አማራቸው፤ ግን እስክትጨርስ ቆመው አዳመጡ።