አምባውና የወፏ ስም

አምባው በጎልማሳነታቸው ከበለሳ ወደ ቆላው ወርደው፣ ዱር መንጥረው፣ በወባ እየተንቀጠቀጡ ሰሊጥና ማሽላ ሲዘሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም። መንደሩ ግን አንድ አደራ ሰጥቷቸዋል፤ በአውጫጭኝ ጊዜ የወፍን ቃል የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። ከብት ሲሰረቅ ሰው ሁሉ ዋርካው ሥር ይሰበሰባል፤ ሌባው ሳይታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም። ያየ ሰው ካለ ተደብቆ ለአምባው በጆሯቸው ይነግራቸዋል። ያንን ሰው ወፍ ይሉታል። የወፍ ስም ከአምባው አፍ ወጥቶ አያውቅም፤ ለሚስታቸው ለመንበረ እንኳ አይነግሩም።

ዘንድሮ ፖሊሱም ሄደ፣ ፍርድ ቤቱም ተዘጋ። መንገዱ ስለተቆረጠ ናፍጣ ጠፍቶ ትራክተሩ ሁሉ ቆመ፤ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛም ቀረ። በሬ ያለው ብቻ ያርሳል። ይሄኔ ነው የዚሁ መንደር ልጅ ባህሩ፣ ክላሽ ያነገቱ ጓደኞቹን አስከትሎ መጥቶ፣ "መንግሥት የለም፤ ከእንግዲህ የምንጠብቃችሁ እኛ ነን" ያለው። መንደሩም አመነው። እህል ሰፈረለት፤ በግ አረደለት።

ሰኔ ላይ፣ ዘር ሊዘራ ሲል፣ የውቢት ጥማድ በሬዎች ጠፉ። ውቢት ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በእነዚያ በሬዎች የምታሳድግ ሴት ናት።

አውጫጭኝ ተጠራ። ባህሩም መጥቶ ክላሹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከፊት ተቀመጠ። አምባው ግን ነገሩን ቀድመው ያውቁ ነበር። ጎረቤታቸው ኪዳን በጠዋት አጥር ጥግ ጠብቆ፣ "አያ፣ የባህሩ ሰዎች በሬዎቹን ወደ ወንዙ ሲነዷቸው አይቻለሁ" ብሏቸዋል።

አምባው ተነሡ።

"ወፍ ተናግራለች። የውቢትን በሬዎች ያስነዳው ባህሩ ነው።"

ባህሩ ፈገግ አለ። "አያ አምባው፣ ጃጁ እንዴ? ወፏ ማናት?"

"ወፍ ስም የላትም።"

"እኔን ሌባ ያለኝን ሰው ልወቀዋ።"

"አባትህ እዚሁ ቦታ ተቀምጦ የሰረቀውን ፍየል መልሷል። ወፏ ማናት አላለም። አንተ ካባትህ ትበልጣለህ?"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ቶሎ አፉን ያዘ።

"እንግዲያው" አለ ባህሩ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ "የርስዎንም በሬዎች እወስዳለሁ። ስሟን የነገሩኝ ቀን ይመለሳሉ።"

"ውሰድ። በግ አርደን ያበላንህ ለዚሁ አይደል?"

በሬዎቹ ተነዱ። ያ ሁሉ ወንድ መሬት መሬቱን እያየ ቀረ። አምባውን ከበሬዎቹ ይልቅ ያቃጠላቸው ይሄ ነው። ድሮ ዳኛ ቢያዳላ ይግባኝ ይባላል፤ ያም ባይሆን ደጁ ላይ ቆሞ መጮኽ አለ። አሁን የት ተሂዶ ይጮኻል? ሌባው ራሱ ፖሊስ፣ ራሱ ዳኛ ሆኖ ከፊት ተቀምጧል። ሰው ደግሞ ጎንበስ ብሎ መንገድ ይለቅለታል።

በማግስቱ አምባውና መንበረ ማሳቸውን በዶማ መቆፈር ጀመሩ። ዝናቡ እንደሁ ማንንም አይጠብቅ። ፀሐይ ሳይከር ኪዳን የራሱን በሬዎች እየነዳ፣ ሞፈር ቀንበሩን ተሸክሞ ከች አለ።

አምባው መንበረ እንዳይሰሙ ርቀው ሄደው ተቀበሉት።

"አያ፣ ልረስልዎ።"

"መልሳቸው።"

"በኔ ምክንያት እኮ ነው እንዲህ የ..."

"ዝም በል። ያ ጉብታ ላይ የተቀመጠው የባህሩ ሰው ነው፤ ማን እንደሚረዳኝ እያየ ነው። ዛሬ ካረስክልኝ ነገ አንተን ነው የሚይዙህ። ሂድ፤ ስትሄድ ደግሞ ስደበኝ።"

"አንቱን? እንዴት ብዬ?"

ኪዳን እንደማይሆንለት ሲያዩ አምባው ራሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "በሬህን ከማሳዬ አውጣ፣ አንተ ባለጌ። የማንም ውለታ አልፈልግም።"

ኪዳን አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

መንበረ ዶማቸውን ጣሉ። "አንቱ ሰውዬ፣ ምን ነካዎት? እግዜር የላከው በሬ ይመለሳል? በዚህ እጄ ነው ይሄን ሁሉ የምቆፍረው?" መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ቆስሏል።

አምባው የመንበረን መዳፍ አዩት። ሊነግሯቸው አፋቸውን ከፈቱ፣ ተዉትና ዶማውን አነሡ።