እማዬ ያላደረችበት ቤት

ከአረቅጥ የወጣን ዕለት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ እማዬ እንሰቱ ጥግ ቆማ ጠበቀችን። የባለቤቴ የገብሬ ወንድሞች መሬቱን ሲካፈሉ ለእኛ የደረሰን ከጓሮ የማያልፍ ቁራሽ ነበርና፣ ገብሬ በልብስ ስፌቱ ቡታጅራ ሊሞክር ቆርጧል። "ቤት ስታገኙ ላኩብኝ፤ መጥቼ አያለሁ" አለችኝ። አላለቀሰችም። ቁልቁለቱን ስንወርድ ብርዱ እየለቀቀን ሄደ፤ የእኔ ሆድ ግን ወደ ኋላ ቀረ።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ እዚህ ቆጮ ከገበያ ይገዛል፤ ጎረቤትም "ግቡ" ሳይል ደጅ ላይ አነጋግሮ ይሸኛል። ቤት የሚገኘውም በውል ነው፤ ከተሜው ኮንትራት ይለዋል። አከራያችን ሐጂ ሸምሱ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። ውል ጸሐፊው ኮንትራቱን በጥድፊያ አነበበልን፤ አማርኛችን ገና እየተኮላተፈ ስለነበር "ቤቱ በንጽሕና ይያዝ" ከሚለው በቀር ጆሮዬ የገባ የለም። አውራ ጣታችንን ቀለም ነክረን አተምን።

ክረምት ሊገባ ሲል እማዬን ደረቷን አሟት ዘመዶች ለሕክምና በበቅሎ አመጧት። በማግስቱ ሐጂ ደጃፋችን ላይ ቆሙ።

"ዘነበች፣ ይህች ሴት ማን ናት?"

"እናቴ ናት ሐጂ። ታማብኝ ነው።"

"አላህ ያሽራት። ግን ኮንትራቱ ከባልና ሚስት በቀር ሌላ ሰው አያድርም ይላል።"

"እናት ሌላ ሰው ናት?"

ሐጂ መዝጊያውን ተደገፉ። "ከእናንተ በፊት የነበረው ተከራይ ወንድሙን አመጣ። ወንድሙ አገባ። ሚስቲቱ እናቷን አመጣች፣ እናቲቱ ላሟን አመጣች። ቤቴን ለማስለቀቅ ፍርድ ቤት ስመላለስ ጫማዬ አለቀ።"

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። "እንግዲያው ሲሻላት ትሄዳለች ብለን እንፈርምልዎ" አልኳቸው።

"ሕመም መቼ እንደሚለቅ ማን ይፈርማል?"

አጠገቤ የቆመው ገብሬ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ሚስታቸው መርየም ወተት ይዛ መጣች። "ሰውዬ፣ በሽተኛ ፊት ምን ትላለህ?" አለቻቸው። አፈሩ። ሕክምናዋን እስክትጨርስ ፈቀዱልን፤ ከዚያ ወዲያም አንድ ቀን እንኳ መቼ ትሄዳለች ብለው አልጠየቁንም። እማዬ ግን አማርኛው ባይገባትም ነገሩ ገብቷታል። ሳሉ ሳይለቃት ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

"ተይ እማዬ፣ ተፈቅዶልናል" ብላት፣ "በሰው ፈቃድ ነው እናትሽ የምሆነው?" አለችኝ። በቅሎዋ ላይ አውጥተናት ዳገቱ ሥር ድረስ ሸኘኋት። ዞራ አላየችኝም።

አሁን ሌላ ቤት ገብተናል። ወገኖቼ፣ ስሙኝ፤ ጣታችሁን ቀለም ከመንከራችሁ በፊት ውሉ ቀስ ተብሎ ይነበብላችሁ፤ ያልገባችሁን በቋንቋችሁ ጠይቁ፤ ማን ሊያድር እንደሚችል፣ ቤቱን ልቀቁ ከተባላችሁም ስንት ጊዜ እንደምታገኙ አስጽፉ። አከራዩም ፍርሃቱን ቀድሞ ይናገር፤ ሐጂ የላሟን ነገር ኮንትራቱን ያተምን ቀን ነግረውኝ ቢሆን እኔም የእናቴን እነግራቸው ነበር። እኔ በአዲሱ ውል "እናት ብትመጣ ትስተናገዳለች" የሚል አስጽፌያለሁ።

በአረቅጥ ገበያተኞች ይህንኑ ለእማዬ ላክሁላት። መልሷ በሚቀጥለው ገበያ ደረሰኝ፦ "የራሷን ቤት ስትሠራ እመጣለሁ በሏት።"

እኛ አሁንም ተከራይ ነን። እሷም እያረጀች ነው።