የእትዬ ዘሃራ ቅል

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ቆቦ

ከቆቦ የተነሣነው ሦስት ሆነን ነው። ሰላማዊት የዩኒቨርሲቲ የማይክሮባዮሎጂ ተማሪ ናት፤ ማስተርሷን የምትሠራው ወተትን በሚያረጉ ባክቴሪያዎች ላይ ነው። ጋሽ ይማም የላቦራቶሪዋ ቴክኒሻን ናቸው። እኔ መንገድ አሳይና ሳጥን ተሸካሚ፣ እነሱ "ገጣሚው" የሚሉኝ የቆቦ ልጅ።

በቅርቡ መብራት ጠፍቶ የላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ ቆመ፤ ሰላማዊት ለሁለት ዓመት የሰበሰበቻቸው ባክቴሪያዎች ሞቱ። የቀራት ጊዜ የሚፈቅደው ይህን አንድ ጉዞ ብቻ ነው።

"ያን ቀን ጋሽ ይማም አለቀሱ" አለችኝ፣ ፉል በዳቦ እየበላን።

"ዓይኔ ውስጥ አልኮል ገብቶ ነው" አሉ።

"ሦስት ቀን ሙሉ?"

ከጁስ ቤት በረዶ ገዝተን ሳጥኑን ሞላንና በሚኒባስ ወደ ዋጃ ሄድን። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ማሽላው አንገቱን ደፍቷል። አንድ የአፋር ነጋዴ ግመሎቹን ሲያሻግር ሾፌራችን ሞተር አጥፍቶ ጠበቀው።

3 ሰዓት፣ ከዋጃ በስተምሥራቅ

ባጃጁ አሸዋው ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። ደረቁን ወንዝ በእግር ተሻገርን።

"ገጣሚው፣ ሳጥኑን አታወዛውዘው፤ ግጥም አይደለም!" አሉኝ ጋሽ ይማም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቤቶች ላሞቹ ነጥፈዋል። የቀረን የእናቴ ወዳጅ የእትዬ ዘሃራ ቤት ነበር። እርጎ አላቸው። ጥላ ሥር አስቀምጠውን፣ ለእርጎው በሳጥኑ ያመጣናቸውን ስድስት ጠርሙሶች ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። ውኃ እየጠጣን ስለነበር ማንም ልብ አላለም።

ሲመለሱ ጠርሙሶቹ ወይራ ወይራ ይሸታሉ።

"ጢስ ያልነካው ዕቃ ለወተት ይቀርባል እንዴ? አጠንኩልሽ ልጄ፤ ስድስቱንም።"

ጠርሙሶቹ አንዳች ሕይወት እንዳይቀርባቸው ላቦራቶሪ ውስጥ በእንፋሎት ተቀቅለው የታሸጉ ነበሩ። ያለ ጊዜያቸው ከተከፈቱ አለቀ። ሰላማዊት ከተቀመጠችበት ተነሣች። ጠጋ ብዬ "አመስግነሽ ተቀበዪና መንገድ ላይ እንጥላቸዋለን፤ እንዳታስቀይሚያቸው" አልኳት።

አልሰማችኝም። ሄዳ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

"እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ አልነገርኩዎትም። የምፈልገው እርጎው ውስጥ ያሉትን፣ በዓይን የማይታዩትን ፍጥረቶች ነው። ጠርሙሱ ከተከፈተ ሌሎች ይቀላቀሉባቸዋል። ጢሱም አንዳንዶቹን ይገድላል።"

እትዬ ዘሃራ ጉንጫቸውን ያዙ። "ያ አላህ! ፈጀኋቸው በይኛ!"

"ኧረ ገና አልገቡም።"

"ታዲያ የት ናቸው?"

ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን፣ እርጎው ያለበትን ቅል አሳየቻቸው።

"የርስዎ ቤት ፍጥረቶችማ ጢስ የለመዱ ናቸው" አሉ ጋሽ ይማም። "ከቅሉ ጋር አብረው ኖረዋል።"

ቅሉን እትዬ ዘሃራ ሲያገቡ ከእናታቸው ቤት ይዘውት እንደመጡ አውቃለሁ። ብዙ ካዩት በኋላ አወረዱትና ክዳኑን ጠበቅ አደረጉ።

"በቤታቸው ይሂዱ።"

"እትዬ፣ ይህንንማ አልወስድም።"

"አብሽሪ። ላሚቱን አልሰጠሁሽም።"

8 ሰዓት፣ መልስ

ሰላማዊት ቅሉን ከነእርጎው በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ዙሪያውን በረዶ አድርጋ ታቀፈችው። ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት ሴት "ተኛልሽ?" አለቻት።

"ብዙ ናቸው" አሉ ጋሽ ይማም። "አንዱ ቢተኛ ሌላው አይተኛም።"

ቆቦ ላይ እነሱ ወደ ዩኒቨርሲቲው መኪና ቀየሩ፤ እኔ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሰው እንዳይከፋ እያልኩ የምደብቀው ነገር ብዙ ነው። ደግነት ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ምክሬን ሰምታ ቢሆን ኖሮ እትዬ ዘሃራ እየሳቁ ይሸኙን ነበር፤ እኛም ባዶ እጃችንን እንመለስ ነበር። ለካ ደብቄ የማልፈውን ሰው የመስጠት ዕድሉንም እየነሣሁት ኖሯል።

በአራተኛው ቀን ሰላማዊት ደወለች። "በቅለዋል! የላቦራቶሪውን ሳህን ሞልተውታል። ጋሽ ይማም ዓይናቸው ውስጥ እንደገና አልኮል ገባ።"

ወዲያው ለእትዬ ዘሃራ ደወልኩ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። "ስንት ሆኑ?"

"አይቆጠሩም፣ እትዬ።"

"በል እንግዲህ፣ እነሱን እዚያው ታሳድጋቸው። ቅሉን ግን በሰው እንዳትልክ፤ ራሷ ይዛልኝ ትምጣ።"